ለአንድ ጊጋባይት ስንት? በወረታና በፎገራ ሜዳ የኢንተርኔት አቅራቢዎችን ዋጋና ጥራት ስለ ማወዳደር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ የሚያርፍ ተመራማሪ፣ የሚያጠናው ሩዝ ይሁን ጎርፍ ወይም የፎገራ የከብት ዝርያ፣ በመስክ የሰበሰበውን መረጃ ወደ ተቋሙ የሚልክበት መሥመር መግዛት አለበት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚህ ረገድ ምርጫ አልነበረም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሻጩ አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ ስሙ ተለዋወጠ እንጂ ቁጥሩ አልጨመረም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ገበያውን ለውድድር ከፈተ። በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ሁለተኛው ፈቃድ ተሰጠ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2014 በድሬዳዋ በሙከራ ጀምሮ በመስከረም 2015 ሥራውን በአዲስ አበባ በይፋ አስጀመረ። ከዚያ በኋላ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም አገኘ።

ለጥያቄው ዘወትር የሚሰጠው መልስ ማካፈል ነው፤ የጥቅሉ ዋጋ በጊጋባይቱ ብዛት ተካፍሎ ዝቅተኛው ቁጥር ያሸንፋል። ይህ ጽሑፍ በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር ለፎገራ ሜዳ ተጠቃሚ ስለ ጥቅሉ ዋጋ እንጂ ስለሚያገኘው አገልግሎት ዋጋ የሚናገረው ጥቂት መሆኑን ያሳያል፤ በምትኩም ምን ሊለካ እንደሚገባ ያመለክታል።

የወረታ የሩዝ ነጋዴ ይህን ስሌት በራሱ ሸቀጥ ላይ አይሠራበትም። ያልተፈለፈለ ሩዝ የሚገዛ ሰው የኩንታሉን ዋጋ ብቻ ሰምቶ አይስማማም፤ ከወፍጮው በኋላ ስንት ኪሎ እንደሚወጣ፣ ከወጣውም ውስጥ ስንቱ እንደሚሰባበር ይገምታል። ከአንድ ኩንታል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቢወጣ ደስ ይለዋል። የኢንተርኔት ጥቅልም ያልተፈለፈለ ሩዝ ነው፤ ጥያቄው ከኩንታሉ ለሥራ የሚውለው ስንት ነው የሚል ነው።

ሳይሠራበት የሚቃጠለው

የመጀመሪያው ብክነት የጊዜ ገደብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጥቅል 10 ጊጋባይት በ300 ብር ለ30 ቀናት፣ ሌላው ደግሞ 5 ጊጋባይት በ200 ብር ያለ ጊዜ ገደብ ይሸጣል እንበል። በማካፈል የመጀመሪያው 30 ብር፣ ሁለተኛው 40 ብር ነው። ተጠቃሚው በወር የሚያስፈልገው 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ግን የመጀመሪያው በእውነቱ 75 ብር ይወጣል፤ የቀረው 6 ጊጋባይት በ30ኛው ቀን ይቃጠላልና። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት የወር ፍጆታው 7.5 ጊጋባይት ሲደርስ ነው። የመስክ ተመራማሪ ፍጆታ ከወር ወር አንድ ዓይነት አይደለም። በሰኔና በሐምሌ ሩዝ ሲዘራና ሲተከል፣ በኅዳር ሲታጨድ ከፍ ይላል፤ በመካከሉ ይወርዳል። ስለዚህ የዓመቱ አማካይ ተወስዶ ከወር ጥቅል ጋር ቢነጻጸር ውጤቱ የተሳሳተ ይሆናል። ወሮቹ አንድ በአንድ ተሰልተው መደመር አለባቸው። ዋጋዎቹ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተቱ ወይም ያላካተቱ መሆናቸውም ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ከመቀመጣቸው በፊት ይጣራ።

ዓለም አቀፉ መለኪያም ይህን ብክነት አያይም። የብሮድባንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግብ የመነሻ ኢንተርኔት ዋጋ ከወርኃዊ የነፍስ ወከፍ ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ነበር። ለአገሮች ንጽጽር ይበቃል፤ የሚለካው ግን የጥቅሉን ዋጋ ነው። በነገራችን ላይ ዋጋን የሚያወርደው ውድድር ብቻ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን 43 በመቶ ሲቀንስ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ከሁለተኛ አቅራቢ የሚጠበቀው ዋናው ጥቅም ርካሽነት ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህም ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል።

ተልኮ የማይደርሰው

ሁለተኛው ብክነት በከንቱ የሚያልቀው ነው። 200 ሜጋባይት የሚመዝን የማሳ ምስል ከናበጋ ወይም ከዋገጠራ ቀበሌ ይላካል እንበል። መሥመሩ ሲቋረጥ ፋይሉ ከመጀመሪያው የሚጀምር፣ መቋረጡም በአማካይ መንገድ አጋማሽ ላይ የሚያጋጥም ከሆነ፣ ከሁለት ሙከራ አንዱ ሲሳካ ጠቅላላ ፍጆታው 300 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከአራት አንዱ ብቻ ሲሳካ 500 ይደርሳል። የ40 ብሩ ጊጋባይት 100 ብር ሆነ ማለት ነው። ፋይሉን ቆራርጦ ከቆመበት የሚቀጥል መላኪያ ያለው ሰው ግን ከዚህ ብክነት አብዛኛውን ያስቀራል። ስለዚህ የአቅራቢው ዋጋ የሚወሰነው በከፊል ገዢው በሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው፤ ንጽጽር የሚያደርግ ሰው በምን እንደላከ ካልጻፈ ቁጥሩ ለሌላው አይጠቅምም።

ፍጥነትም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። የተለመደው የማስተላለፊያ ሕግ የሚፈቅደው ፍጥነት ለመዘግየቱና ለሚጠፉት ፓኬቶች ድርሻ ዳግም ዘር ተገላቢጦሽ ነው። የደርሶ መልስ መዘግየት 200 ሚሊሰከንድ፣ የፓኬት መጠን 1,460 ባይት ሲሆንና ከመቶ ፓኬት አንዱ ሲጠፋ፣ አንድ ግንኙነት በሰከንድ 0.7 ሜጋቢት ያህል ብቻ ይሸከማል። ከአሥር ሺህ አንዱ ብቻ ሲጠፋ 7 ሜጋቢት ይደርሳል። አዳዲስ የማስተላለፊያ ስልቶች ይህን ቢያሻሽሉም ትምህርቱ አይለወጥም፦ ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው የመጥፋት መጠን፣ ከሚጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ይበልጥ ይወስናል። በተለምዶ የሚሠራበት የፍጥነት መፈተሻ ደግሞ ቅርብ የሆነውን፣ ብዙ ጊዜም በአቅራቢው በራሱ መረብ ውስጥ ያለውን ሰርቨር ይመርጣል። የሚለካው እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ እንጂ መረጃው የሚሄድበትን መድረሻ አይደለም። በፋይበር ውስጥ ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨመራል፤ ወደብ የሌላት አገር ደግሞ ዓለም አቀፍ መሥመሯ በጎረቤት አገሮች በኩል ማለፉ ግድ ነው። ፈተናው ተመራማሪው በእርግጥ ወደሚጠቀምበት ሰርቨር መደረግ አለበት።

ሜዳውና ሞገዱ

ሜዳነት ለሞገድ ይመቻል፤ ግን በከፊል። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከጣና ዳር እስከ ምሥራቁ ኮረብታ ድረስ እምብዛም የሚጋርድ ነገር የለበትም። በ40 ሜትር ማማና ሰው በእጁ በያዘው ስልክ መካከል ያለው የሬዲዮ አድማስ በስሌት 31 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ማማው በአሥሮች ዋት ሲያስተላልፍ ስልኩ የሚመልሰው በ0.2 ዋት ነው። በስልኩ ጠርዝ ላይ የሚታዩት የሲግናል መስመሮች የሚያሳዩት ከማማው የሚመጣውን ብቻ ስለሆነ፣ ሙሉ ሲግናል እየታየ ፎቶ አልላክ ማለቱ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ለመስክ ተመራማሪ ዋናው ሥራ መላክ ነውና ከዳውንሎድ ይልቅ የአፕሎድ ውጤት ሊቀድም ይገባል። የፍሪኩዌንሲም ልዩነት አለ፤ 900 ሜጋኸርዝ ከ1,800 ጋር ሲነጻጸር በተመሳሳይ ርቀት 6 ዴሲቤል ይተርፈዋል። አቅራቢው በየማማው የትኛውን እንዳበራ በከተማው መሐል አይታወቅም፤ ከርብ ድልድይ ወይም ከጉማራ ወዲያ ሲሆን ግን ይለያል።

ክረምት ሌላ ነገር ይጨምራል። ርብና ጉማራ ሞልተው ውሃ በሜዳው ላይ ሲተኛ ገጹ ሞገድን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ በቀጥታ የመጣውና ከውሃው የተመለሰው ሞገድ እርስ በርስ ሲጣፉ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ኃይሉ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። በየካቲት የተወሰደ ልኬት ለነሐሴ ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ልኬቱ አደራረግ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሁለት አንድ ዓይነት ስልኮች ይያዙ፤ ሲም ካርዶቹ በየቀኑ ይቀያየሩ፤ ሰዓቱ በዕጣ ይመረጥ፤ የገበያ ቀንና ምሽት አይዘለሉ። ያልተሳካው ሙከራ እንደ ዜሮ ይመዝገብ እንጂ ከመዝገቡ አይሰረዝ። የብዙ ንጽጽሮች ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያማክሉት የተሳኩትን ሙከራዎች ብቻ ስለሆነ መረቡ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አቅራቢ ፈጣን ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛ ሲም ካርድ ምን ይገዛል?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። ለእርሱም ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ከሩቅ፣ ከዩዝኔት ገበያ ነው። ዩዝኔት እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታሰበና በማግስቱ ዓመት ሥራ የጀመረ የመልእክት መለዋወጫ መረብ ነው። ለረጅም ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ያቀርቡት ነበር። ዱክ ራሱ ሰርቨሩን በ2010 ዘጋ፤ ጉግልም በየካቲት 2024 ከዚህ አገልግሎት ወጣ። ዛሬ ሙሉ አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ይከፍላል። ሻጮቹ የሚሸጡት በመሠረቱ ያንኑ የመልእክት ክምችት ስለሆነ ገዢዎች የሚያወዳድሩት ክምችቱ ለስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ከተጠየቀው ውስጥ ስንት በመቶው ሳይጎድል እንደሚገኝና ፍጥነቱን ነው። ሽያጩም ሁለት ዓይነት ነው፤ ወርኃዊ ክፍያ፣ አለዚያም ጊዜው የማያልፍ የተወሰነ መጠን። ልምድ ያለው ገዢ ከአንዱ ወርኃዊውን፣ ከሌላው ጊዜው የማያልፈውን ትንሽ ጥቅል ይገዛና ከመጀመሪያው የጎደለውን በሁለተኛው ይሞላል።

ይህ ዘዴ ግን አንድ ወጥመድ አለው። በገበያው ላይ ካሉት በርካታ ስሞች ብዙዎቹ ከጥቂት ትላልቅ ክምችቶች እየቀዱ የሚሸጡ ቸርቻሪዎች ናቸው። ሁለቱም ስሞች ከአንድ ክምችት የሚቀዱ ከሆነ ከመጀመሪያው የጎደለው መልእክት በሁለተኛውም የለም፤ ገዢው ሁለት ጊዜ ከፍሎ አንድ ነገር ገዝቷል።

የወረታም ሁኔታ ለዚህ ቅርብ ነው። ሁለቱ አቅራቢዎች የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ ሆኖም ሳፋሪኮም የራሱን ማማዎች ከመትከሉ ሌላ የኢትዮ ቴሌኮምንም ይከራያል። በአንድ ማማ ላይ የተሰቀሉ ሁለት አንቴናዎች ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር ሊጋሩ ይችላሉ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው የሚቆይበት ሰዓት፣ ለጀነሬተሩ ነዳጅ የሚያደርሰው መኪና የሚያልፍበት መንገድ ለሁለቱም አንድ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱም ይታወሳል፤ እንዲህ ያለው መቋረጥ የአቅራቢ ስም አይለይም።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ አቅራቢ ከ100 ሰዓት 5ቱን ይጠፋል እንበል። በ720 ሰዓት ወር ውስጥ ይህ 36 ሰዓት ነው። መጥፋታቸው ፈጽሞ ካልተያያዘ ሁለቱም በአንድነት የሚጠፉት በወር 1.8 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ሲም ካርድ ዋጋው ቢወደድም ያዋጣል። ከ5ቱ 4ቱ ሰዓት የጋራ ምክንያት ያለው ከሆነ ግን ሁለቱንም የያዘ ሰው በወር 29 ሰዓት ያህል ያለ መሥመር ይቀራል። የሁለተኛው ትርፍ ከ34 ሰዓት ወደ 7 ወረደ ማለት ነው፤ ዋጋው ግን አልወረደም። ከዚህ የተነሳ በማናቸውም የአቅራቢዎች ሠንጠረዥ ውስጥ የማይገኘው ነገር፣ የሁለቱ መጥፋት በስንቱ እንደሚገጣጠም የሚናገረው ቁጥር፣ ከጊጋባይት ዋጋ የበለጠ ለውሳኔ ይጠቅማል። ለማግኘትም ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ሁለቱ ስልኮች በየአሥር ደቂቃው ትንሽ መልእክት እየላኩ ለአንድ ዓመት ቢመዘግቡ ይበቃል። ከጎኑ መብራት የጠፋበት ሰዓት ቢጻፍ ምክንያቱም ይለያል።

በአንጻሩ የእውነት ልዩ የሆነው መሥመር ከቴሌ ገበያ ውጭ ሊሆን ይችላል። 64 ጊጋባይት ሞልቶ የተዘጋ ሚሞሪ ካርድ ከወረታ መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ባሕር ዳር ቢደርስ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 95 ሜጋቢት ያህል ነው፤ ዋጋውም የአንድ ሰው ትራንስፖርት። የማማ ባትሪ ቢያልቅ አይነካውም። የዚህኛውም መዝገብ ግን ከሁለቱ ስልኮች መዝገብ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ኢንተርኔት ከጠፋባቸው ቀናት ጋር ስንት ጊዜ እንደገጠሙ እስኪታይ ድረስ የካርዱ አንድ ቅጂ ወረታ ይቀመጣል።