ያልዳነ ወለምታ፦ ከቁርጭምጭሚት ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ

በካርቱም አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት መሥራት ወይም ጥግ ይዞ ቡናና ሻይ ማፍላት ከማለዳ እስከ ማታ በእግር መቆም ነው። እርጥብ ሰድር ላይ አዳልጦ ቁርጭምጭሚት ሲዞር ታሽቶ፣ በሻሽ ጠበቅ ተደርጎ በማግስቱ ሥራ ይገባል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ እንዲህ ያለ እግር ይዘው በገላባት በኩል መተማ የገቡም አይጠፉም። ለእነሱም፣ ካርቱም ለቀሩትም አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ እግሩን የሚያድነው ግን ከዚያ በኋላ ሳይረገጥበት የሚቆይባቸው ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት እነዚያን ሳምንታት ያደራጁ።

በመጀመሪያ ጉዳቱን ይለዩ። በወደቁበት ቀን አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ይነሱ። ስድስት ሳምንት አልፎ ከውስጥ የሚጠዘጥዝ፣ ማታ ማታ የሚያብጥ፣ አንዳንዴም ያዝ የሚያደርግ ከሆነ ጉዳቱ ከጅማት አልፎ ይሆናል። ታለስ በሚባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ የተለበጠው ልም አጥንት (የዶሮ አጥንት ጫፍ ላይ የምናየው ነጭ ለስላሳ ነገር) ተሰንጥቆ፣ ከሥሩ ያለውም አጥንት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው በራሱ መጠገን ይከብደዋል። ራጅ ይህን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብለው ሕመሙ ከቀጠለ ስለ ኤምአርአይ ይጠይቁ። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማስጠምዘዝ ግን ይቅርብዎ። ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ከልክሎ እግር እስከ ማስቆረጥ የደረሰባቸውን ሰዎች የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች በደንብ ያውቋቸዋል።

ጉዳት ያለበት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። የተሰነጠቀው ክፍል ካልተላቀቀ፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ በጀሶ ወይም በድጋፍ ጫማ ማሳረፍ ይሞከራል። ስብርባሪው ከተላቀቀ ወይም ከወራት እረፍት በኋላም ካልተሻለ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ያኔ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጉዳቱ ስንት ሚሊሜትር ነው? ከሥሩ በፈሳሽ የተሞላ ቀዳዳ አለ? ጅማቱስ ላልቷል? ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ድረስ ለሆነው ብዙ ሐኪሞች በአርትሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ የሞተውን ጠርገው አጥንቱን ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር እያራራቁ ይበሳሉ። ከመቅኔው የሚወጣው ደም ረግቶ ጠባሳ መሰል ልም አጥንት ያበቅላል። እንደ መጀመሪያው ጠንካራ ባይሆንም ለብዙዎች ሕመሙን ያስታግሳል። ሰፊ ወይም ቀዳዳ ያለው ጉዳት ከጉልበት ተወስዶ የሚተከል አጥንትና ልም አጥንት ሊያስፈልገው ይችላል። አርትሮስኮፒ በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ በመተማ የመጡ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን፣ አዲስ አበባ ያሉ ጥቁር አንበሳን ወይም አቤት ሆስፒታልን ቀርበው «ይህ እዚህ ይሠራል? ካልሆነስ የት ትልኩኛላችሁ?» ይበሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አሠሪዋ ቤት የምታድር ሴት የምትተኛበት የራሷ ክፍል ላይኖራት ይችላል። ስለዚህ ከጓደኞቿ ጋር፣ ቢቻል ምድር ቤት፣ ማረፊያ ታዘጋጅ፤ የእረፍት ወረቀትም ከሐኪሙ ትቀበል። ማንም የማያስበው ነገር ሽንት ቤት ነው። በአንድ እግር ቁጢጥ ብሎ መነሳት ስለማይቻል መቀመጫው የተቀደደ ወንበር አስቀድመው ያሠሩ። ክራንቹንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይለማመዱ፤ ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው። ሲጋራና ሺሻ ያቁሙ፤ ስኳር ካለብዎ ወይም የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እግሩ ከልብ ከፍ ብሎ ይረፍ። ስፌቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ሳይረግጡ የሚቆዩበት ጊዜ እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ይለያያል፤ ስድስት ሳምንት ከተባሉ ሕመሙ በሦስተኛው ስለጠፋ ብቻ አይርገጡ። ሐኪሙ ሲፈቅድ ቁርጭምጭሚቱን ሳይረግጡ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፣ ፊዚዮቴራፒም ይከታተሉ። ስግደትና በሶላት ጊዜ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ቁርጭምጭሚቱን እስከ ጥግ ስለሚያጥፉት እስኪፈቀድ ወንበር ላይ ሆነው ይጸልዩ። ሩጫ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይጠብቃል፣ ንቅለ ተከላ ከሆነ ከዚያም በላይ። ባትዎ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ፣ ጣቶችዎ ከደነዘዙ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የኤምአርአዩን ሲዲና ምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ወረቀት ይዘው ይውጡ፤ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ለሚያምኑት ዘመድም ይላኩ። ድንበር ሲሻገሩ ወረቀት ይጠፋል፣ ቀጣዩ ሐኪም ግን የሚጀምረው ከእሱ ነው።