የኃይል ሞጁል ሲመረጥ ዋጋው ብቻ አይታይ

ለውሃ ፓምፕ ወይም ለወፍጮ ሞተር የፍጥነት መቆጣጠሪያ ኢንቨርተር ለመገጣጠም የተነሳ ባለሀብት፣ ከመሐንዲሱ ጋር አስቀድሞ ሊነጋገርበት የሚገባው የኃይል ሞጁሉን ዓይነት ነው። ሞጁሉ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ ለሞተሩ የሚያደርስ ክፍል ሲሆን፣ በገበያ ላይ በሁለት መልክ ይገኛል።

አንደኛው መደበኛው ነው። በውስጡ የኃይል ትራንዚስተሮችና ዳዮዶች ብቻ ስላሉ፣ ትራንዚስተሩን የሚያዘውን ድራይቨርና መከላከያውን መሐንዲሱ ለብቻ ይሠራል። ሁለተኛው የተቀናጀው ሲሆን፣ ድራይቨሩንና መከላከያውን አብሮ ይይዛል፤ ሾርት ሲፈጠር ራሱን ያጠፋል። የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1997 ለቤት ዕቃዎች የሚሆን አነስተኛ የተቀናጀ ሞጁል ለገበያ አቅርቧል፤ ዛሬ ይህ ዓይነቱ በአየር ማቀዝቀዣና በልብስ ማጠቢያ ማሽኖች የተለመደ ነው።

ታዲያ የትኛው ያዋጣል? ለምሳሌ ያህል፣ ዲዛይኑና ፍተሻው በተቀናጀው 200,000 ብር፣ በመደበኛው 600,000 ብር ይፈጃል እንበል። ለአንድ ኢንቨርተር የተቀናጀው 2,500 ብር፣ መደበኛው ከነድራይቨሩ 2,000 ብር ቢወጣበት፣ የ400,000 ብሩ የመነሻ ልዩነት ለ500 ብር ሲካፈል 800 ይመጣል። በዚህ ስሌት ከ800 በታች ለሚያመርት የተቀናጀው፣ ከዚያ በላይ ለሚያመርት መደበኛው ይሻላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ብዙዎቹ መደበኛ ሞጁሎች በተለያዩ ፋብሪካዎች በተመሳሳይ ቅርጽ ስለሚመረቱ አንዱ አቅራቢ ቢዘገይ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። የተቀናጀው ግን የእግሮቹ አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፣ ምርቱ ሲቋረጥ የሰርኪዩት ሰሌዳው እንደገና ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የነበረው ዓለም አቀፍ የቺፕ እጥረት በአንድ አቅራቢ ላይ መንጠልጠል ምን ያህል እንደሚጎዳ አሳይቷል። ዕቃውን በኤል ሲ ለሚያስመጣ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ መዘግየቱ የታሰረ ገንዘብ ነው።

የቮልቴጁም ነገር አይዘነጋ። 220 ቮልት ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ወደ 310፣ የሦስት ፌዙ 380 ደግሞ ወደ 540 ቮልት ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ለመጀመሪያው የ600፣ ለሁለተኛው የ1,200 ቮልት ሞጁል ይመረጣል። ረከሰ ብሎ የ600 ቮልቱን ለሦስት ፌዝ የገዛ፣ የተቃጠለ ዕቃ መልሶ ይቀበላል።

እንግዲህ ትዕዛዙ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ፦ በጠቅላላው ስንት ኢንቨርተር ይመረታል? ምትኩን ሌላ ማን ይሠራል? ዲዛይኑ ሲጨመርበት አንዱ ስንት ይወጣበታል?