ሁለት ፎቶ በአንድ ፍሬም

መልቲፕል ኤክስፖዠር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፎቶዎችን ካሜራው ራሱ ደራርቦ አንድ ምስል እንዲያወጣ ማድረግ ነው። በፊልም ዘመን ፊልሙን ወደፊት ሳያሳልፉ እዚያው ላይ ደግሞ ማንሳት ነበር። አሜሪካዊው ሃሪ ካላሃን እ.ኤ.አ. በ1958 ፈረንሳይ አገር፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ፣ የባለቤቱን የኤሊኖርን ገላ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ደርቦ አንስቷል። ዛሬ ይህ ሥራ በሜኑ ይታዘዛል። ብርሃን የሚደመርበት ሕግ ግን ያው ነው።

ሕጉም ይህ ነው፦ አንዱ ፎቶ ደምቆ የሚታየው በሌላው ፎቶ ጨለማ ቦታ ላይ ነው። ብርሃን በብርሃን ላይ ሲደመር ይነጣል፤ ከነጣ በኋላ ምንም ቢጨመርበት አይታይም። ስለዚህ ሜኑውን ከመክፈትዎ በፊት ጥቁሩ የት እንደሚውል ይወስኑ። የብዙ ጀማሪዎች ፎቶ ደብዝዞ የሚቀረው ይህን ዘለው ስለሚጀምሩ ነው።

ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ አይወስድም። እንደ ካነን 5ዲ ማርክ 3 ባሉ ካሜራዎች ከ2 እስከ 9 ፎቶ መደረብ ይቻላል። ሜኑው ውስጥ መልቲፕል ኤክስፖዠር የሚለውን ያብሩ፣ ብዛቱን 2 ያድርጉ፣ ነጠላዎቹ ፎቶዎችም እንዲቀመጡ ያዙ፤ ድርቡ ባይሳካ እነሱ ካርዱ ላይ ይተርፋሉ። ኒከን ላይም ስሙ ያው ነው። ብዙዎቹ ኒከኖች ግን በፎቶዎቹ መካከል 30 ሰከንድ ያህል ከቆዩ ድርቡን ይዘጉታል፤ የማቆያ ሰዓቱን ቀድመው ያስረዝሙ።

ዋናው ነገር የአደራረቡን ዓይነት መምረጥ ነው። በዚህ ካነን ላይ አራት ናቸው፦ አዲቲቭ፣ አቨሬጅ፣ ብራይት እና ዳርክ።

አንዲት ሙሽራ ጥቁር ካባ ደርባለች እንበል። አዲቲቭን ይምረጡ። ብሩህ ሰማይን ከኋላዋ ያድርጉና ሰማዩ እስኪነጣ፣ እሷ ግን ጥላ ሆና እንድትቀር አድርገው ያንሱ። ቀጥሎ የአደይ አበባ መስክ ያንሱ። አበባው በጥላዋ ውስጥ ይሞላል፣ ዙሪያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሠርጉ ጥር ላይ ከሆነ አደይ ከየት ይመጣል? ካነን ካርዱ ላይ ያለ የሮው ፎቶን እንደ መጀመሪያ ፎቶ ይቀበላል፤ መስከረም ላይ በዚያው ካሜራ አንስተው ያስቀመጡት አደይ ለጥር ሠርግ ይደርሳል። ብርሃን ስለሚደመር የትኛው እንደቀደመ ለውጥ አያመጣም። ላይቭ ቪው ከከፈቱ አበባው ስክሪኑ ላይ እየታየ ሙሽራዋን በቦታዋ ያስተካክላሉ።

ሙሽራዋ ነጭ ሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ብርሃን ከፊት እየመታት ከሆነ ግን አዲቲቭ አበባውን ያጠፋዋል። ያኔ ወደ ዳርክ ይዙሩ። ካሜራው ሁለቱን ፎቶዎች እያነጻጸረ ጠቆር ያለውን ይይዛል፤ በሰማይ ላይ የተነሳ የዛፍ ቅርንጫፍ በነጩ ቀሚስ ላይ እንደ ጥልፍ ይወጣል። እኔ ለነጭ ልብስ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ብራይት በተቃራኒው ደመቅ ያለውን ይይዛል፤ የሌሊት ነው። ሙሉ ጨረቃን በረጅም ሌንስ፣ አይ ኤስ ኦ 100፣ ኤፍ 11፣ በ1/100 ሰከንድ ያንሱ። ከዚያ ሌንስ ቀይረው ከእንጦጦ የአዲስ አበባን መብራት ያንሱ፤ ጨረቃዋ ባዶው ሰማይ ላይ እንድትወድቅ ብቻ ይጠንቀቁ።

በየመጽሐፉ የሚገኝ አንድ ምክር አለ፦ ሁለት ፎቶ ሲደርቡ እያንዳንዱን በ1 ስቶፕ፣ አራት ሲደርቡ በ2 ስቶፕ ያጨልሙ የሚል። ምክሩ በአዲቲቭ፣ ሁሉም ፎቶዎች እኩል ብርሃን ሲኖራቸው ልክ ነው። አቨሬጅ ላይ ካሜራው ራሱ ስለሚያመጣጥን አያስፈልግም። ለጥላ ፎቶ ደግሞ ጎጂ ነው፤ መንጣት የሚገባውን ሰማይ ግራጫ ያደርገዋል፣ አበባውም ከጥላው አልፎ ይወጣል።

ካሜራዎ ይህ ሜኑ ከሌለው አንድ ፍላሽና ጨለማ ክፍል ይበቃሉ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረው ሹተሩን ለ30 ሰከንድ ይክፈቱ። አንድ ሰው በጥቁር መጋረጃ ፊት አቁመው ፍላሹን በእጅዎ አንዴ ያብሩበት፤ መብራት ሳያበሩ ቦታ ይቀይር፣ ደግመው ያብሩበት። አንድ ሰው በአንድ ፍሬም ሁለት ቦታ ቆሞ ይወጣል። ዛሬ ማታ ይሞክሩት።