ከእግር ጀምሪ

ልጄ፣ እንጭኒ ጤና ጣቢያ በነርስነት መመደብሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ብርዱ ለአዲስ ሰው ይከብዳል፤ ጋቢ ካልያዝሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ግዢ። ከሙገር ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ሆለታ የሚያልፈው ተሳቢም ለጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳሻል፤ ይለመዳል።

በደብዳቤሽ ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። ክርስቲያን ነኝና ሰውን ማገልገል እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? ዘመድ በሌለኝ አገር ወዳጅ እንዴት ላፍራ? ሲመረኝስ በምን ልጽና? እኔ በድሬሰርነት ያረጀሁት በዚሁ በአዳ በርጋ ወረዳ ነው። ከሕመምተኛ አጠገብ ተቀምጬ ያየሁት ሁሉ፣ የሦስቱም መልስ ወደ ሰው መቅረብ እንደሆነ ይነግረኛል። ከሩቅ የሚደረግ ቸርነትም አለ፤ አልነቅፈውም። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን እሱን አይደለም። እንዳይዘበራረቅብሽ በተራ ቁጥር እጽፍልሻለሁ።

1. ከእግር ጀምሪ።

ጌታችን ሊያዝ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ያደረገውን ታውቂያለሽ። አሳልፎ የሚሰጠው ሰው በዚያው ማዕድ ተቀምጦ ሳለ፣ ጎንበስ ብሎ የመንገዱን አቧራ ከተማሪዎቹ እግር ላይ በገዛ እጁ አጠበ፤ የይሁዳንም አልዘለለም። በቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ከዚያ ጉልባናችንን ቀምሰን ወደየቤታችን እንገባለን። በተረፈው ዓመት ሙሉ ግን ማንም የማይነካው እግር በየጎጆው አለ።

ዝሆኔ የምንለውን በሽታ ተምረሽዋል፤ በምዕራብ ሸዋ ግን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፣ ዝናም የሚበዛበት ደጋና ባዶ እግር ለዓመታት ሲገናኙ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ረቂቅ ማዕድን በቆዳ ሰርጎ ይገባል። ሰውነቱ ለዚህ የተጋለጠ ሰው እግሩ ያብጣል፣ ይሻክራል፣ ይቆስላል፤ በየጊዜው ትኩሳት እየተነሣበት ከአልጋ ይጥለዋል። በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖር ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ ይድናል። ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ የታመመው ሰው ከማኅበር ይቀራል፤ ሴት ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅ ይጠፋል፤ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል።

ለእንክብካቤው የሚያስፈልገው ከደሃ ቤት አይርቅም። ሳፋ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና፣ በብዙ ውኃ የተበረዘ ጥቂት በረኪና፣ ማድረቂያ ጨርቅ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲና ሰፊ ጫማ። በየቀኑ፣ ሳይታክቱ። ልኩን ከመመሪያሽ ታገኚዋለሽ፤ እኔ የምነግርሽ መመሪያው ላይ ያልተጻፈውን ነው። ሕመምተኞቹ መጀመሪያ ስትቀርቢያቸው እግራቸውን ወደ ቀሚሳቸው ወይም ወደ ጋቢያቸው ይሰበስባሉ። ሽታው ይከብድሻል፤ አፍንጫሽን አትያዢ። ዱካው ላይ እነሱ ይቀመጡ፣ አንቺ ዝቅ በዪ። እያጠብሽ ስለ እግሩ አታውሪ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ጠይቂ። ጣቶቹ መካከል ስትደርሺ ቀስ በዪ፣ በደንብም አድርቂው፤ ቁስሉ የሚደበቀው እዚያ ነው። ሚስቱ ወይም ልጁ አጠገብሽ ቆመው ይዩ። በማግሥቱም ተመለሺ። አንድ ቀን አጥቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ ያውቃሉ፤ የሚያምኑሽ ስትመለሺ ነው።

2. እውነቱን እወቂ፣ አብረሽም ጸልዪ።

ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ነበር። ጌታ ያን ክስ አልተቀበለም፤ ወደ ሰውዬው ዓይን ሄደ። ዛሬም ዝሆኔን እርግማን ነው፣ መተት ረግጦ ነው የሚል ብዙ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ደጋ ያሉትን ሕመምተኞች መርምሮ፣ የዚህኛው እብጠት ምክንያት ትል ሳይሆን አፈሩ መሆኑን አስረድቷል። ይህን ቄሱም መጋቢውም እንዲያውቁት አድርጊ፤ ከስብከት በኋላ ለሁለት ደቂቃ ይናገሩልሽ ዘንድ ለምኚ። ካህን በሕዝብ ፊት አይተላለፍም ብሎ የታመመውን ሰው በእጁ ሲዳስስ፣ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ይልቅ ይሰማል። ጸበል የሚጠመቁትን አትከልክዪ። ከጸበል ሲመለሱ እግራቸውን አድርቀው ጫማ እንዲያደርጉ ንገሪያቸው፤ እግዚአብሔር በሁለቱም ይሠራል።

3. ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ጓዳ ግቢ።

ወዳጅ እንዴት ላፍራ ላልሽው፣ በእኛ አገር ወዳጅነት የሚጀመረው ጓዳ ውስጥ ነው። ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ውስጥ ጥቂት ተቀምጦ መውጣት ወግ ነው፤ አንቺ ግን ወደ ጓዳ አልፈሽ ሽንኩርት ክተፊ፣ ውኃ ቅጂ፣ ሳህን እጠቢ። ከዚያ ቀን ወዲያ "ያቺ ነርስ" አትባዪም፤ በስምሽ ይጠሩሻል። ደመወዝሽ እንደ ወጣ መጀመሪያ ዕድር ግቢ። ካዘነ ሰው ጋር ስትቀመጪ ለማጽናናት አትቸኩዪ። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ሲሉ መልካም ሠርተው ነበር፤ የተበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው።

ወዳጅሽን በቤተ ክርስቲያን አጥር አትለዪ። እኔ የሰንበቴ አባል ነኝ፤ የዕድሜ ልክ ጓደኛዬ የመካነ ኢየሱስ ሽማግሌ ነው። በጾም ቤቱ ስሄድ ሳልጠይቅ ሽሮ ይቀርብልኛል፤ በሰርግና በቀብር ጎን ለጎን ነን። ያቀራረበን ክርክር አልነበረም፤ ቃሬዛ ነው። አምቡላንስ በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ፣ ተሸካሚዎቹ በየዳገቱ ትከሻ ይቀያየራሉ፤ በዚያች ሰዓት የማን አማኝ ነህ የሚል የለም። ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ የነደሉትን አራት ሰዎች ሳስብ የሚታዩኝ እነዚህ ናቸው። ወንጌሉ የአራቱን ስም አልጻፈም፤ ጌታ እምነታቸውን እንዳየ ግን ጽፏል። እንዲህ አብረው የተሸከሙ ሰዎች በኋላ በርበሬ ሲያልቅባቸው ሳይተፋፈሩ ይበዳደራሉ።

በሐዋርያት ዘመን ምእመናን ያላቸውን በጋራ ያደርጉ እንደነበር ስታነቢ፣ ዛሬ ይህ የት ይገኛል ብለሽ አትዘኚ። ከብት ያለቀበትን ወይም ቤት የተቃጠለበትን ሰው ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ እንደገና የሚያቆምበትን የኦሮሞን ቡሳ ጎኖፋ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ። አፋን ኦሮሞሽ ደካማ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ መማር ጀምሪ፤ የታመመ ሰው ሕመሙን በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የሚሰማው ይፈልጋል።

4. የሚሰጡሽን ተቀበዪ።

በሥራ ሰዓት ከሕመምተኛ እጅ ምንም አትውሰጂ፤ እሱ ሕግ ነው። ቤታቸው ስትሄጂ ግን ያፈሉልሽን ቡና ሳትጠጪ አትውጪ፤ ሦስተኛውን፣ በረካውንም ጠብቂ። ሁልጊዜ ሰጪ መሆን የሚወድ ሰው፣ ሳያውቀው ሌላውን ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ጌታ ራሱ ከሳምራዊቷ ሴት ውኃ ለምኗል።

የማሚቱ ጋሼን ነገር ለጓደኞችሽ አውሪላቸው። በገጠር በምጥ ተጎድታ ፌስቱላ ይዟት፣ ማንበብና መጻፍ ሳትችል አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የደረሰች ወጣት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን አከሟት። እዚያው ቀርታ እንደ እሷ የታመሙትን ሴቶች አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ሐኪሞቹ እጇን አይተው በቀዶ ሕክምናው ክፍል አሠለጠኗት። ሃምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከከፈቱ በኋላም በዚያ ስንት ሴት ጠገነች፤ ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞችንም አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሃምሊኖችንና እሷን የወርቅ ሜዳይ ሸለማቸው። አልጋ ላንጥፍ ስትል፣ አንቺ ታማሚ ነሽ፣ ተኚ ቢሏት ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። አንቺም የምታጥቢው ሰው ሳሙና ላቀብልሽ ሲል ዕድል ስጪው።

5. ሲመርሽ መጀመሪያ ብዪና ተኚ።

ኤልያስ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ በክትክታ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አምጥቶ ቀሰቀሰው፤ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ደግሞ አበላው። መንገዱ ሩቅ ነውና። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊት ተረኛ ከሆንሽ በኋላ ዓለም ሁሉ ቢጨልምብሽ፣ እምነቴ ጠፋ ብለሽ አትደንግጪ፤ ምሳ በልተሽ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ።

6. መከራው ሲረዝምም ብቻሽን አትቁሚ።

እንቅልፍ የማያስተካክለው መከራም አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት ሲያልቅ፣ የተኩስ ድምፅ ሕፃናትን ሲያስለቅስ አንቺም ትፈሪያለሽ። መፍራት ኃጢአት አይደለም። በዚህ ጊዜ ከእኛ በፊት ያለፉትን አስቢ።

ቄስ ጉዲና ቱምሳን በስም ታውቂያቸዋለሽ። ወለጋ ቦጂ ተወልደው፣ ነቀምቴ ሆስፒታል በድሬሰርነት አገልግለው፣ በኋላ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የሰው ሥጋና ነፍስ ተለያይቶ አይገለገልም፤ ወንጌል የሚሰብክ የሰውን ረሃብና ሕመም መተው አይችልም የሚለውን አጥብቀው ይዘው ነበር። ቁስል ያሰረ እጅ እንዲህ ማሰቡ አይገርመኝም። በደርግ ዘመን ታስረው ተፈቱ። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ሲያመቻቹላቸው፣ መንጋዬን በመከራ ቀን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን ነው። ሞት በአንድ ሌሊት ያልፋል፤ እሳቸው 10 ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ ክፉኛም ተሰቃዩ። ባላቸው የት እንደተቀበሩ አያውቁም ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈትተው፣ ልጆቻቸውን ዳግም አይተው እስከ 2007 ዓ.ም. ኖሩ። እንዲህ ያለውን ዘመን ሰው እንዴት ይገፋዋል? በዚያ ጊዜ በየእስር ቤቱ የነበሩ ሰዎች የሚያወሩትን ሰምቻለሁ። ስንቅ የሚመጣለት ከሌለው ጋር አብሮ ይበላል፤ ከምርመራ ተደብድቦ የመጣውን ሌሎቹ ያጥቡታል፤ ጸሎት የሚያውቅ ለማያውቀው ያስተምራል። እዚያም ውስጥ እግር የሚያጥብ ነበረ ማለት ነው። አንቺም ሲከብድሽ በር ዘግተሽ አትቀመጪ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ምረጪ፤ ሳይጠሩሽ የምትሄጂባቸው፣ ሳትጠሪያቸው የሚመጡ፤ አብራችሁ ጸልዩ፣ የከፋሽንም ሳታሳምሪ ንገሪያቸው።

7. ሰኔ ሳይገባ ሰው አሠልጥኚ።

ከሰኔ ጀምሮ ማሳው ጭቃ ነው፤ ገበሬው ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ወንዙም ይሞላና አንዳንዱ ቤት አትደርሺም። አንቺም በዝውውር ወይም በትምህርት ትሄጂ ይሆናል፤ የታጠበ እግር ደግሞ ለወር ቢተው ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አንዲት፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣቶች አንድ ልጅ ምረጪና ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘሻቸው ዙሪ። አንድ ወር አንቺ እጠቢ፣ እነሱ ይዩ። በሁለተኛው ወር እነሱ ይጠቡ፣ አንቺ ውኃ አቀብዪ። ለሳሙናና ለቫዝሊን የሚሆነውን ዕድሩ እንዲያዋጣ እኔ ከዳኛው ጋር እነጋገራለሁ። ጫማው ይቸግርሻል፤ ላበጠ እግር የሚሆን ከሱቅ አይገኝም። የእያንዳንዱን እግር ወረቀት ላይ አስቆመሽ በእርሳስ ዙሪያውን አሥምሪ፣ ግራና ቀኙን ለዪ፣ ስሙን ጻፊበትና ለጫማ ሰፊ ስጪው፤ እብጠቱ በእንክብካቤ ሲቀንስ እንዲጠብቅ ማሰሪያ ያለው ይሁን።