የአሮጌ ላንድክሩዘር የባትሪ ካቦና ማሳ፦ የጥቂት ሺህኛ ኦም ጉዳይ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኦምን ሕግ ስንማር የማገናኛ ሽቦዎች ሬዚስታንስ እንደ ዜሮ እንዲቆጠር ይነገረናል። በአንድ የባትሪ ድንጋይና በአንዲት ትንሽ አምፖል ለሚሠራ ሰርኪዩት ይህ ግምት ምንም ጉዳት የለውም፤ የአምፖሏ ሬዚስታንስ ከሽቦው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ነውና ስሕተቱ በስሌቱ ውስጥ ሳይታይ ያልፋል። ይኸው ግምት ፈጽሞ የማይሠራበት፣ ሁላችንም በየዕለቱ በአጠገቡ የምናልፈው ሰርኪዩት ግን አለ። እርሱም የመኪና ባትሪ ከሞተሪኖ ጋር የሚገናኝበት ነው።

በዚህ ጽሑፍ በአገራችን የገጠር መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራውን የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ አብነት በማድረግ፣ ያረጁ የባትሪ ካቦዎችንና የማሳ ገመዶችን በወፍራም መተካት መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደማይጠቅም እንመረምራለን። ጉዳዩ የፊዚክስ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። ጠዋት ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል፣ ብዙ ባለ መኪና መጀመሪያ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ያም አልሆን ሲል ሞተሪኖውን ያስጠቀልላል። ሁለቱም ደኅና ሆነው ሳለ ጥፋቱ ከአንድ የዛገ ብሎን ሥር ሊሆን ይችላል። መኪናው ከከተማ ርቆ በመስክ ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ የምርመራው ስሕተት ዋጋ ከባትሪው ዋጋ ይበልጣል።

አስቀድመን ሞተሪኖው ምን እንደሚጠበቅበት እንመልከት። የናፍጣ ሞተር የእሳት ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ ተጨምቆ ስለሚግል ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በላንድክሩዘር ላይ የመጣው ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ይጨምቃል። ሙቀት የሚያመልጥበት መንገድ ባይኖር ኖሮ፣ በ7 ዲግሪ ሴልሺየስ የገባ አየር 20 እጥፍ ሲጨመቅ ከ600 ዲግሪ በላይ በደረሰ ነበር። ነገር ግን ሙቀት ያመልጣል። ፒስተኑ በዝግታ ሲወጣ ሙቀቱ ወደ ቀዝቃዛው ብረት ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል፤ በፍጥነት ሲወጣ ግን ይህን ጊዜ ያጣል። ስለዚህ ሞተሩ መዞሩ ብቻ አይበቃም፤ በቂ ፍጥነትም ሊኖረው ይገባል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ባለው ከተማ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ዘይቱ ይወፍራል፣ የባትሪው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፣ የሞተሩም ብረት ይቀዘቅዛል። ሦስቱም የሚመጡት በአንድ ሰዓት ነው።

ይህን ሥራ ለመሥራት ሞተሪኖው 2 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ኃይል ይፈልጋል። የ1,000 ዋት የልብስ ካውያ ከ220 ቮልት መስመር 5 አምፔር እንኳ አይወስድም። በ12 ቮልት ግን ኃይሉ የሚገኘው ጅረቱን ወደ መቶዎች አምፔር በማሳደግ ብቻ ነው። ለስሌታችን 300 አምፔር እንውሰድ።

የመዳብ ሬዚስቲቪቲ 1.7 × 10⁻⁸ ኦም ሜትር ያህል ነው። ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ሄዶ በማሳ በኩል የሚመለሰው ካቦ በድምሩ 2.5 ሜትር ቢሆንና የመዳቡ ስፋት 25 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን፣ ሬዚስታንሱ 1.7 ሚሊ ኦም ይሆናል። በ300 አምፔር ሲባዛ 0.51 ቮልት በካቦው ላይ ይቀራል ማለት ነው። ካቦውን በ50 ካሬ ሚሊሜትር ብንተካው የሚቀረው በግማሽ ቀንሶ 0.26 ቮልት ያህል ይሆናል። ትርፋችን ሩብ ቮልት ነው። መልካም ነው፤ ነገር ግን በወፍራም ካቦ ላይ የሚወራውን ያህል ተአምር አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ መጋጠሚያው እንምጣ። ሁለት ብረቶች በብሎን ሲታሰሩ የሚነካኩት በዓይን በሚታየው ገጽ ሁሉ አይደለም። እጅግ ለስላሳ የመሰለው ገጽ እንኳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተራራና ሸለቆ አለው፤ ጅረቱ የሚያልፈው የተራሮቹ ጫፎች በሚነካኩባቸው ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። በእነዚህ ነጥቦች መካከል ዝገት፣ ቀለም ወይም ከባትሪው አሲድ የሚመጣው ነጭና አረንጓዴማ ዱቄት ሲገባ መንገዱ ይጠብባል። የአንድ መጋጠሚያ ሬዚስታንስ 5 ሚሊ ኦም ቢደርስ፣ በዚያች የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ብቻ 1.5 ቮልት ይቀራል። ይህም ካቦውን በማወፈር ካገኘነው ትርፍ ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። በሙቀት የሚባክነው ኃይልም የጅረቱ ካሬ በሬዚስታንሱ ሲባዛ 450 ዋት ነው። ቁልፉ ለጥቂት ጊዜ ከዞረ በኋላ አንዱ የካቦ ራስ እጅ የሚያቃጥለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ «ሬዚስታንሱ ሲጨምር ጅረቱ 300 አምፔር ሆኖ እንዴት ይቀጥላል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጅረቱ ይቀንሳል፤ ጉዳቱም የሚብሰው እዚሁ ላይ ነው። ሞተሪኖው ገና ከመዞሩ በፊት ባለችው ቅጽበት የባትሪው፣ የካቦውና የሞተሪኖው ሬዚስታንስ በድምሩ 15 ሚሊ ኦም ነው እንበል። 12.6 ቮልት ለ15 ሚሊ ኦም ሲካፈል 840 አምፔር ይሰጣል። በዚህ ላይ 5 ሚሊ ኦም የዛገ መጋጠሚያ ሲጨመር ጅረቱ ወደ 630 አምፔር ይወርዳል፤ ሩቡ ሄደ። በአሮጌ መኪኖች በብዛት የሚገኘው በተከታታይ የተጠቀለለ ሞተሪኖ ግን የማዞር ኃይሉ ከጅረቱ ካሬ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ብረቱ በማግኔት እስካልጠገበ ድረስ፣ የማዞር ኃይሉ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። በእውነተኛው ሞተሪኖ ብረቱ ስለሚጠግብ ቅነሳው ከዚህ ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ማሳው ከፖዘቲቩ ካቦ ይልቅ የሚረሳ ክፍል ነው። ከሞተሪኖው የሚመለሰው ጅረት በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መድረስ አለበት። ሞተሩ ግን ንዝረት እንዳያስተላልፍ በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ጎማ ደግሞ ጅረት አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን፣ ሻንሲውንና የመኪናውን አካል እርስ በርስ የሚያገናኙ የማሳ ገመዶች ያስፈልጋሉ። ዋናው የማሳ ገመድ ሲበጠስ ጅረቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ የሚያገኘው መንገድ የነዳጅ መርገጫው የብረት ገመድ ይሆንና ገመዱ ግሎ ሽፋኑ ሲቀልጥ ይታያል። ባለቤቱም ገመዱን ይለውጣል፤ አዲሱም ይቃጠላል። መብራት ሲበራ የሙቀት መጠቆሚያው የሚንቀሳቀስ ከሆነም ማሳውን መጠርጠር ይገባል።

ታዲያ ጥፋቱ የት እንዳለ በምን እናውቃለን? ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጎ ካቦውን መለካት ከንቱ ነው። ተራ ቴስተር ለመለኪያ የሚልከው ጅረት እጅግ ትንሽ ነው፤ የራሱ ሽቦዎች ሬዚስታንስም እኛ ከምንፈልገው 5 ሚሊ ኦም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ካቦው ከመቶ ክሮቹ በአንዱ ብቻ ተንጠልጥሎ ቢገኝ እንኳ ቴስተሩ «ደኅና ነው» ይላል። ትክክለኛው ዘዴ ሙሉው ጅረት በሚያልፍበት ጊዜ የቀረውን ቮልት መለካት ነው። ማርሹን ነጻ አድርገን፣ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ ሞተሩ እንዳይነሣ ነዳጅ የሚከፍተውን ሶሌኖይድ ሽቦ እንነቅላለን። ከዚያም የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ አድርገን፣ ረዳታችን ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ እንዲያዞር እናደርጋለን። ጫፉ የሚያርፈው በእርሳሱ ራስ ላይ እንጂ በካቦው ማሰሪያ ላይ መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ዋነኛው ተጠርጣሪ መጋጠሚያ ከልኬቱ ውጭ ይሆናል። ንባቡ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ በዚያ መንገድ ላይ ጥፋት አለ። በማሳው በኩል፣ ከሞተሪኖው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፣ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከዚያ እያሳጠርን መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ብንለካ ጥፋተኛው ራሱን ያሳያል።

ልኬቱ መጋጠሚያውን ከጠቆመ መፍታት፣ እስኪያብረቀርቅ መፋቅና ማጥበቅ ይበቃል። ካቦው ራሱ ሲታጠፍ የደረቀ ከሆነ፣ ወይም ሽፋኑ ሲከፈት መዳቡ ወደ ውስጥ ጠቁሮ ከተገኘ ግን መለወጥ አለበት፤ ለመለወጥ ከተነሣን ደግሞ 50 ካሬ ሚሊሜትር መምረጥ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ገበያው አንድ ወጥመድ አለው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ካቦ ከውጭ ሲታይ ከመዳብ አይለይም፤ ጅረት የማሳለፍ ችሎታው ግን የመዳብን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ችግሩ የዛሬ አይደለም። ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት ዊልያም ቶምሰን በ1857 እ.ኤ.አ. ለገበያ የሚቀርበው መዳብ ሁሉ ጅረትን እኩል እንደማያስተላልፍ በልኬት አሳይተዋል፤ ያነሣሣቸውም በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሊዘረጋ የታሰበው የቴሌግራፍ ኬብል ነበር። ዛሬ ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንዲት ክር በምላጭ ስትፋቅ ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ክብደቱም ይናገራል፤ የመዳብ እፍጋት ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

በሚገጠምበት ጊዜ በመጀመሪያ የሚፈታውና በመጨረሻ የሚታሰረው ኔጌቲቩ ነው። ኔጌቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ የመኪናውን አካል ቢነካ፣ በዚያ ቁልፍ በኩል ከሞተሪኖው የሚበልጥ ጅረት ያልፋል፤ ብልጭታው ደግሞ ባትሪው የሚያወጣውን ሃይድሮጅን ሊያቀጣጥል ይችላል። የማሳ ብሎኖች በሚያርፉበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት፤ ከታሰረ በኋላ በላዩ ግሪስ መቀባት እርጥበት ይከለክላል። የሞተሪኖው ዋና ካቦ በአሮጌዎቹ መኪኖች ፊውዝ የለውምና ከስለታም ብረትና ከጭስ ማውጫው ርቆ እንዲያልፍ፣ በየመንገዱም እንዲታሰር ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ ያው የቮልት ልኬት ይደገማል፤ ከፊተኛው ንባብ ጋር ሲነጻጸር ምን እንዳተረፍን በቁጥር እናውቃለን።

ለአንባቢ የምንተወው ጥያቄ፦ ከአሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች አንዳንዶቹ ሞተሪኖአቸው በ24 ቮልት የሚሠራ ነው። የሞተሪኖው ኃይል፣ የካቦው ርዝመትና ውፍረት ሳይለወጥ ቮልቱ ብቻ ከ12 ወደ 24 ቢያድግ፣ በካቦው ላይ የሚቀረው ቮልት ምን ያህል ይሆናል? ከባትሪው ቮልት ጋር ሲነጻጸርስ ስንት በመቶ ነው?