ቴሌቪዥንና ልጆቻችን፦ የወላጆች ኃላፊነት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ሙሴ ሕዝበ እስራኤልን ሲያስተምር፣ ወላጆች የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቻቸው እንዲነግሩ፣ በቤት ሲቀመጡም ሆነ በመንገድ ሲሄዱ እንዲነጋገሩበት ያዛል። የመጀመሪያው የትምህርት ስፍራ ቤት መሆኑን ልብ እንበል። ዛሬ ግን በብዙ ቤቶች፣ ቤተሰብ በአንድነት በሚቀመጥበት ምሽት የሚናገረው አባት ወይም እናት ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው።

1. መሣሪያው በራሱ ክፉ አይደለም

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ እነዚህን መሣሪያዎች እንደ መልካም ስጦታ ተቀብሎ፣ ወላጆች ለእምነትና ለግብረ ገብ የሚጎዳ ነገር ወደ ቤታቸው እንዳይገባ እንዲጠብቁ አሳስቧል። በሀገራችንም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ አባባ ተስፋዬ በተረቶቻቸው ስንቱን ልጅ እንዳነጹ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያው ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ ማን ይምራው የሚለው ነው።

2. በልጆች ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

«ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ ሕፃን ያየውን ይቀዳል። ትወናን ከእውነት ለይቶ ለማወቅ ዕድሜው ስለማይፈቅድለት፣ በፊልም የተደበደበው ሰው ወዲያው ሲነሣ ሲያይ ዱላ የማያም ይመስለዋል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የውጭ ሀገር ተከታታይ ድራማዎች ወደ አማርኛ እየተመለሱ መቅረባቸው ስለ ተስፋፋ፣ ቀድሞ በባዕድ ቋንቋ ያልፍ የነበረው ተንኮልና ክህደት አሁን በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ለልጆቻችን ጆሮ ይደርሳል።

ጉዳቱ ግን በሚታየው ነገር ብቻ አይወሰንም። እንቅልፍ፣ ጨዋታ፣ ጥናትና ጸሎት ጊዜያቸውን ይነጠቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ተቀምጠው ስክሪን እንዲመለከቱ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል።

3. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ቴሌቪዥንና ቤተሰብ ባስተላለፉት መልእክት፣ ቴሌቪዥንን ለረጅም ሰዓት እንደ ሞግዚት የሚጠቀሙ ወላጆች የቀዳሚ አስተማሪነት ድርሻቸውን አሳልፈው እንደሚሰጡ አስጠንቅቀዋል። ይህ ተግሣጽ ለሁላችንም ነው። ከሥራ ደክማ የተመለሰች እናት ወጥ እስክትሠራ ልጇን ቴሌቪዥን ፊት ብታስቀምጥ አንፈርድባትም፤ አባትም በዚያች ሰዓት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ቢያጫውት ሸክሟ ይቀላል። ክልከላ ብቻውን አይበቃም፤ በቤት የተከለከለ ልጅ ከጎረቤት ሄዶ ያያልና። ስለዚህ፦

ሀ. የሚታየውን ዝግጅትና ሰዓቱን አስቀድመን እንወስን።
ለ. ከልጆቻችን ጋር አብረን እንይ፤ ያዩትንም እንጠይቃቸው።
ሐ. በማዕድና በጸሎት ሰዓት ቴሌቪዥኑም ስልኩም ይዘጋ።
መ. ለልጅ የከለከልነውን እኛም እንተው፤ ልጅ ከቃላችን ይልቅ ሥራችንን ይከተላልና።

ቴሌቪዥኑን መዝጋት ቀላል ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ በፍቅርና በጨዋታ መሙላት ነው። ልጆቻችን ከእኛ የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው።

ለውይይት
1. ባለፈው ሳምንት ከልጆቻችን ጋር ያለ ቴሌቪዥን ስንት ምሽት ተጫወትን?
2. በቁምስናችን ያሉ ወላጆች በዚህ ጉዳይ እንዴት ሊረዳዱ ይችላሉ?