የውርንጭላ ሳል

የፈረስ ውርንጭላ አቧራ ነክቶት አንድ ሁለት ጊዜ ቢያስል የሚያስደነግጥ አይደለም። ሳሉ ሰንብቶ አልለቅ ሲለው ግን ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ከምክንያቶቹ አራቱ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፤ የጭድና የድርቆሽ አቧራ። ሁለተኛ፤ ወስፋት፤ ትንንሾቹ ትሎች ከአንጀት በደም ተጉዘው በሳንባ ስለሚያልፉ ያስሉታል። ሦስተኛ፤ የሳንባ ትል፤ ይህ ትል በአህያ ሳንባ ብዙ ጊዜ ሳያስላት ይኖራል፤ ከእርስዋ ጋራ በአንድ መስክ የሚግጠውን ፈረስ ግን ክፉኛ ያስለዋል። አራተኛ፤ ተላላፊው የጉሮሮ እብጠት፤ ከመንጋጋው ሥር ያብጣል፤ ከአፍንጫውም መግል ይወርዳል።

እንግዲህ ድርቆሹን በውሃ እናርጥብ፤ ፋንድያውን እንጥረግ፤ ጋጣው ነፋስ ያግኝ። እብጠትና መግል ያለበት ለብቻው ይታሰር፤ የውሃ ባልዲውም ይለይ። ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ ካለፈ፤ ወይም ቆሞ ሳለ ጎኑን እያርገበገበ ቢተነፍስ፤ ሳይውል ሳያድር ለከብት ሐኪም ይታይ። የትል መድኃኒትም ሐኪሙ በክብደቱ መጠን ያዘዘለት ብቻ ይሰጠው።

ዛሬ ሳንባው የተጎዳ ውርንጭላ ነገ ጋሪ መሳብ ያቅተዋል፤ በጋሪው የሚተዳደረው ቤተ ሰብም አብሮ ይጎዳል።